አራት ሰከንድ

ከእንቁጣጣሽ በፊት ባለው ቅዳሜ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም አጠገብ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ፀጉር ቤት ጥግ ላይ ለጤና ጥናት ቅጽ ይዤ ተቀምጬ ነበር። የምልከታ ሥራ ሲናገሩት ቀላል ነው፦ ታያለህ፣ ምልክት ታደርጋለህ፣ አትናገርም። አግዳሚው ላይ ሰባት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ በሩ ላይ ጭቃ ጫማቸውን የሚያራግፉ ሌሎችም አሉ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ዜሮ ሲላጩ ማጅራታቸው ላይ ተጫሩ። የስንዴ ፍሬ የምታህል ደም ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ልጅ በጥጥ ጠረገላቸው፣ አልኮል ነካ አደረገላቸው፣ "ይቅርታ ጋሼ" አለ። ሰውዬው ከፍለው ወጡ።

ከዚያ ቶንዶሱ ላይ አልኮል ረጨና ላይተር ለኮሰበት። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ጠፋ። በሰዓቴ ስቆጥር አራት ሰከንድ ነው። ቅጹ ላይ 14ኛው ጥያቄ "ቶንዶሱ በሁለት ደንበኞች መካከል በፀረ ተዋሲያን ተጠርጓል?" ይላል። "አዎ" የሚለው ላይ ምልክት አደረግኩ።

ተረኛው አራት ዓመት የማይሞላው ሕፃን ነበር። የወንበሩ መደገፊያ ላይ ጣውላ አጋድሞ አስቀመጠው፣ "ማሙሽ፣ እንዳትነቃነቅ" አለው፣ ቶንዶሱን ወደ ጭንቅላቱ አስጠጋ። ከዚያ ቆመ። ወደ እኔ ዞር አለ፤ እኔም ምንም አላልኩም። ቶንዶሱን አስቀመጠና ከመሳቢያ ሌላ፣ አሮጌ ቶንዶስ አውጥቶ ሕፃኑን በእሷ ላጨው።

በኋላ ለምን እንደቀየረ ጠየቅኩት። "የሕፃን ጭንቅላት ነዋ፣ ጋሼ" አለኝ። ለሌላውስ ሰው ለምን አትቀይርም? "ይቺ ትነጫለች። የሕፃን ፀጉር ለስላሳ ስለሆነ ትችለዋለች፤ ትልቅ ሰው ላይ ባወጣት ግን ተቆጥቶ ነው የሚሄድልኝ።"

የከነከነኝ ይህ መልስ ነው። የምንሞላው ቅጽ እንዲህ ያለ መልስ የሚገባበት ቦታ የለውም።

"አዎ" ውስጥ የሚደበቀው

በጤና ምርምር አደገኛ ልማድ የምንለውን ነገር ስንለካ ብዙ ጊዜ ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ ታውቃለህ? ታምናለህ? ታደርጋለህ? በፀጉር ቤት ሦስቱም መልሳቸው በአብዛኛው "አዎ" ነው። "ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ" የሚለውን መፈክር በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ያላነበበ የከተማ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ይህ ልጅም አልዋሸም። "ቶንዶስህን ታጸዳለህ?" ብትለው አዎ ይላል፣ ያጸዳልም፣ እኔም ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ችግሩ "አዎ" የሚለው ሳጥን አራት ሰከንዱንም አሥር ደቂቃውንም እኩል መያዙ ነው። ቫይረሱ ግን እኩል አያያቸውም።

አልኮል የሚሠራው የተዋሲያንን ፕሮቲንና የስብ ሽፋን በማፍረስ ነው። ለዚህ ውሃ ያስፈልገዋል። 70 በመቶው ከ96 በመቶው የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ንጹሑ አልኮል ፕሮቲኑን ከላይ ቶሎ ያደርቀውና ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ይተናል። ከ96 በመቶው አንድ ሊትር ለማዘጋጀት 730 ሚሊ ሊትር አልኮል ለክቶ፣ ንጹሕ ውሃ ጨምሮ አንድ ሊትር መሙላት ነው። ውሃም ካገኘ በኋላ ጊዜ ይፈልጋል። ብረቱ ደቂቃዎችን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። በመርጫ የረጨኸው አልኮል ከሞተሩ ሙቀት ጋር በሰከንዶች ውስጥ ይተናል፤ ላይተር ከለኮስክበት ደግሞ መሥራት የነበረበትን አልኮል ራስህ አቃጠልከው ማለት ነው። ነበልባሉም ቢሆን የሚነድደው ከብረቱ ላይ በሚነሳው ትነት ውስጥ ስለሆነ ብረቱን ለብ ከማድረግ አያልፍም። በጥርሶቹ መካከል በዘይትና በፀጉር ብናኝ ተሸፍኖ የተቀመጠ ደም እሳቱ እንደነደደም አያውቅም። በደረቅ ሙቀት ብረት ለማምከን 170 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት፣ ወይም 160 ዲግሪ ለሁለት ሰዓት ይፈልጋል። አበው "ሳይቃጠል በቅጠል" ያሉት ለሌላ ነገር ነው።

እሳቱ የሚወደደው ስለሚታይ ይመስለኛል። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሰው ነበልባሉን ሲያይ ልቡ ይረጋል። ሐምራዊ መብራት ያላት ሣጥንም እንደዚያው ናት፤ ብዙ ፀጉር ቤት ውስጥ "ስቴራላይዘር" ትባላለች። እውነተኛ የአልትራቫዮሌት መብራት ቢኖራት እንኳ ብርሃኑ በቀጥታ ያረፈበትን ገጽ ብቻ ነው የሚነካው። ጥላ ካለ፣ ዘይት ካለ፣ ማበጠሪያ በማበጠሪያ ላይ ከተደራረበ አይሠራም። አንዳንዷ ሣጥን ውስጥ ያለው ደግሞ ቀለም የተቀባ ተራ አምፖል ነው። እሷን ግን ወንጀለኛ አላደርጋትም፤ ታጥቦ የደረቀ ዕቃ ከአቧራ የሚጠበቅባት መደርደሪያ ናት ብዬ ባስባት ይቀለኛል።

የወፍ በሽታ ከየት ይመጣል

ደንበኛው ፀጉር ቤት ሲገባ የሚፈራው ኤችአይቪን ነው። ኤችአይቪ ግን ከሰውነት ውጭ ደካማ ነው፤ ደሙ ሲደርቅ አቅሙን በፍጥነት ያጣል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ሌላ ነገር ነው። በደረቀ ደም ውስጥ፣ በዓይን በማይታይ መጠን እንኳ፣ ቢያንስ ለ7 ቀናት የመያዝ አቅሙን ይዞ ይቆያል። ንጽጽሩን ከሕክምና ባለሙያዎች የመርፌ አደጋ መውሰድ ይቻላል፦ ደም በነካ መርፌ የተወጋ ሰው ኤችአይቪ የሚይዘው ከ1,000 ወደ 3 ጊዜ ገደማ ነው፣ ክትባት ላልወሰደ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ግን ከ100 ከ6 እስከ 30። ቶንዶስ እንደ መርፌ ደም አይሸከምም፤ ስለዚህ ቁጥሩ ፀጉር ቤት ውስጥ ከዚህ በብዙ ያነሰ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

እኛ ግን ይህን በሽታ "የወፍ በሽታ" እንለዋለን። ዓይን ቢጫ ሲሆን የሌሊት ወፍ ሽንት ነክቶት ነው ይባላል። ስሙ ራሱ ሰውን ወደ ጣሪያ እንዲያይ ያደርገዋል፤ ወደ ማጅራቱ የሚያይ የለም። ዓይኑ ቢጫ ከሚሆነው ይልቅ ምንም ሳይሰማው ቫይረሱን ለዓመታት የሚሸከመው ሰው ይበዛል፤ ያ ሰው በየሦስት ሳምንቱ ፀጉሩን ይስተካከላል።

እዚህ ላይ የሕፃኑ ጉዳይ ይመጣል። አዋቂ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ሲይዘው ከ5 በመቶ በታች በሆነው ላይ ብቻ ነው በሽታው ሥር የሚሰድደው፤ ቀሪው ሰው ሰውነቱ ራሱ ያሸንፈዋል። በወሊድ ጊዜ የተያዘ ጨቅላ ላይ ግን 90 በመቶ ገደማ ዕድሜ ልክ ይቀራል፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ባለው ሕፃን ላይ ደግሞ ከሩብ እስከ ግማሽ። የጉበት መቁሰልና ካንሰር የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ይህን ቁጥር አላነበበም፤ እጁ ግን ሕፃኑ ጋ ሲደርስ ቆመ። ትክክለኛው ቦታ ላይ ነው የቆመው።

ነገሩ ግን ይገለበጣል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ በመደበኛው የሕፃናት ክትባት ውስጥ የገባው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ነው፤ አምስት በሽታዎችን በሚከላከለው አንድ መርፌ ውስጥ፣ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት። ማሙሽ ሦስቱንም ጨርሶ ከሆነ በዚያች ክፍል ውስጥ ከሁሉም የተጠበቀው እሱ ነው። ሃያ ምናምን ዓመት የሆነው ፀጉር አስተካካይ ግን ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። በየቀኑ የሌላ ሰው ደም የሚነካው፣ ጣቱን በምላጭ የሚቆርጠው፣ ክትባት ያልወሰደው እሱ ነው። ለአዋቂ ሦስት መርፌ ነው፦ ዛሬ፣ ከአንድ ወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ሁለተኛውን ወስዶ ሦስተኛውን የሚረሳው ብዙ ነው፤ ስድስት ወር ረጅም ጊዜ ነው። መጠይቆቻችን እሱን ምንጊዜም በአስተላላፊነት ይመዘግቡታል። ተጋላጭነቱን የሚጠይቅ መስመር ፈልጌ አላገኘሁም።

ከደም ሌላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ በየቀኑ የሚታየው ግን እሱ ነው። ጭርት በጭንቅላት ላይ ከልጅ ወደ ልጅ በቶንዶስና በማበጠሪያ ይዞራል፤ የፈንገሱ ዘር በተቆረጠው ፀጉር ውስጥ ስለሚቀመጥ ፀጉሩ በብሩሽ ካልተጠረገ አልኮል አይደርስበትም። ክብ ሆኖ የተመለጠና የሚቀረፍ ቦታ ያለው ልጅ ሲመጣ ማባረር አያስፈልግም፤ በመቀስ አስተካክሎ፣ መቀሱን አጥቦና ዘፍዝፎ፣ ወላጁን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነው። የጭንቅላት ጭርት በቅባት ብቻ አይድንም፤ የሚዋጥ መድኃኒት ይፈልጋል።

አሥሩ ደቂቃ የት ይገኛል

አሜሪካዊው የማይክሮባዮሎጂ ሊቅ አርል ስፖልዲንግ ያስተዋወቀው የመሣሪያ አመዳደብ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ቆዳ የሚቀድድ መሣሪያ መምከን አለበት፤ ያልተቆረጠ ቆዳ ብቻ የሚነካ መታጠብና ቀላል ፀረ ተዋሲያን ይበቃዋል። ቶንዶስ ከየትኛው ነው? ሥራ ሲጀምር ከሁለተኛው ነው። ማጅራት ላይ ሲጭር፣ እዚያው እጅህ ላይ እንዳለ፣ ወደ አንደኛው ይሻገራል። መሣሪያው መደቡን የሚቀይረው በመሀል ነው፤ አስተካካዩ ደግሞ አንዳንዴ መጫሩንም አያይም።

በትክክል ማጽዳት ምን እንደሚጠይቅ እንቁጠረው። ቶንዶሱ ይጠፋል፣ ከሶኬት ይነቀላል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ በጥርሶቹ መካከል ያለው ፀጉር ይጠረጋል። ሁለቱ ብሎኖች በካቻቢቴ ይፈታሉ፤ የማይንቀሳቀሰው ታችኛው ጥርስና የሚንቀሳቀሰው ላይኛው ይለያያሉ። ሞተር ያለውን አካል ውሃ ውስጥ መንከር አይቻልም፣ ጥርሶቹን ግን ይቻላል። በሳሙና ውሃ ይፈተጋሉ። ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው፤ ዘይትና ደም እላዩ ላይ እያለ የሚገባ ኬሚካል ኃይሉን በቆሻሻው ላይ ይጨርሳል። ታጥቦ በጨርቅ ይደርቃል፣ ምክንያቱም ጥርሱ ላይ የቀረው ውሃ የሚዘፈዘፍበትን ያቀጥነዋል። ከዚያ ክዳን ባለው ብልቃጥ ውስጥ፣ ሙሉ በሙሉ በተሸፈነበት 70 በመቶ አልኮል፣ አሥር ደቂቃ። ክዳኑ ለትነት ብቻ አይደለም፤ በዚያች ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲጋራና ላይተር አይጠፋም።

አልኮል ከሌለ በረኪና ይሆናል። 5 በመቶ ተብሎ የተጻፈበትን በረኪና ወደ 0.5 በመቶ ለማውረድ 5ን ለ0.5 ማካፈልና አንድ መቀነስ ነው፤ ዘጠኝ ይመጣል። አንድ ስኒ በረኪና፣ ዘጠኝ ስኒ ውሃ። 4 በመቶ ከሆነ አንድ ለሰባት። በየማለዳው አዲስ ይዘጋጃል፤ ፀሐይና ሙቀት ክሎሪኑን ስለሚያባርሩት የትናንቱ ሽታ እንጂ ጉልበት የለውም። ውሃው ቀዝቃዛ ይሁን። ከአሲድ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የተከለከለ ነው፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። በረኪና ብረት ይበላል፦ ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ ወይም ሳይለቀለቅና ሳይደርቅ ከቀረ፣ ጥርሱ ይዝጋል፣ ይደንዛል፣ ደንዞም ፀጉር ይነጫል። አስተካካዮች "በረኪና ማሽን ያበላሻል" የሚሉት ተሳስተው አይደለም።

ከዚያ ጥርሶቹ ደርቀው አንድ ሁለት ጠብታ ዘይት ይንጠባጠብባቸዋል፣ ይገጠማሉ። ላይኛው ጥርስ ከታችኛው ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ወደኋላ መቅረት አለበት። ለዜሮ ቆረጣ ሲባል እኩል ከተደረገ፣ ወይም ተቸኩሎ ጠማማ ከተገጠመ፣ የሚንቀሳቀሰው ጥርስ በቀጥታ ቆዳ ያገኛል። ቶንዶስ ሰው የሚጭርበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይህ ነው፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚባለው ጥቂት ነው። ቶሎ ቶሎ የሚፈታና የሚገጠም ጥርስ ደግሞ ቶሎ ይጣመማል፣ ብሎኑም ጭንቅላቱ ይበላል። ለማጽዳት ብለህ የፈታኸው ራሱ ደም ሊያመጣ ይችላል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" የሚባለው ይህን ነው።

ድምሩን እንየው። መጥረግ፣ መፍታትና ማጠብ አራት ደቂቃ፤ መዘፍዘፍ አሥር፤ ማድረቅና መግጠም ሦስት። አሥራ ሰባት ደቂቃ። ለአንድ ቆረጣ ደግሞ ከአሥራ አምስት እስከ ሃያ ደቂቃ ይሄዳል። አንድ ቶንዶስ ብቻ ያለው ሰው በትክክል ልሥራ ካለ የቀን ገቢው በግማሽ ይወርዳል፤ በበዓል ዋዜማ፣ ሰባት ሰው አግዳሚ ላይ እያለ፣ ማንም አያደርገውም፣ እኔም ብሆን አላደርገውም። ሁለት ቶንዶስ ያለው ሰው ግን አንዱ ሲቆርጥ የሌላው ጥርስ ይዘፈዘፋል። አሥሩ ደቂቃ ከማንም ኪስ አይወጣም። መፍታቱ፣ ማጠቡ፣ ማድረቁና መግጠሙ ግን ሰባት ደቂቃ እጅ ይይዛል፤ እሱንም ፀጉር የሚጠርገው ረዳት ልጅ ሊሠራው ይችላል። ልጅ በስድስት ደቂቃ የሚላጭበት ቀን ሦስተኛና አራተኛም ያስፈልጋል።

እኛ ግን ለዓመታት ያዘጋጀነው ሥልጠና ነው። ግማሽ ቀን፣ ፖስተር፣ ሻይ በዳቦ፣ ቅድመና ድኅረ ፈተና። ውጤቱ ሁልጊዜ ያምራል፤ ከፈተናው በኋላ ሁሉም ያውቃል። ለዚያ ከሚወጣው ገንዘብ የተወሰነው ለሁለተኛ የቶንዶስ ጥርስ ቢውል ምን ይፈጠር ነበር የሚለው ጥያቄ በዕቅድ ስብሰባ ላይ ሲነሳ "ዘላቂነት የለውም" ይባላል። ዕውቀት ነው ዘላቂው፣ ይመስላል።

ምላጩና ሃይላንዱ

ምላጭ ላይ ያለው ልማድ ከቶንዶሱ ይሻላል። አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰብሮ ለአንድ ሰው ግማሹን መጠቀም የተለመደ ነው፣ ደንበኛውም ሲሰበር ማየት ይፈልጋል። የሚረሳው መያዣው ነው። ምላጩ ይጣላል፤ መያዣው በአፉ መሀል ደምና ሳሙና ይዞ ለቀጣዩ ሰው ይቀርባል። እሱም ተከፍቶ መታጠብና መዘፍዘፍ አለበት።

የተጣለው ምላጭ የት እንደሚገባ ስጠይቅ ሃይላንድ ውስጥ ይሉኛል፣ ባዶ የውሃ ጠርሙስ ማለት ነው። ለመወጋት የሚጠነክር፣ አፉ ጠባብ የሆነ ነገር መምረጣቸው ጥሩ ነው። ግን ከተማ ዳር ላይ ባዶ ሃይላንድ ቆሻሻ አይደለም፣ ገንዘብ ነው። ቆራሌው ይወስደዋል፣ ከቆሻሻ ክምር ላይ የሚለቅሙ ልጆች ይወስዱታል፣ ይዘቱን ገልብጠው። ስለዚህ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ክዳኑ በፕላስተር ይጠቀለል፣ ጎኑ ላይ በትልቁ "ምላጭ" ተብሎ ይጻፍ፣ ከተቻለም ስለታም ነገር ወደሚያቃጥል ጤና ተቋም ይሂድ። እስከ አፉ መሙላት አይገባም፤ ጣት የሚቆረጠው የመጨረሻዋን ምላጭ ሲጫኑ ነው።

የተቆረጠ ጣት ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። አይጨመቅም፣ በረኪና አይፈስበትም። የሌላ ሰው ደም ነክቶት ከሆነ በዚያው ቀን ጤና ተቋም መድረስ ይሻላል፤ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ ካልተጀመረ አይሰጥም፣ ሲጀመርም ለ28 ቀን ይዋጣል፤ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ቢጀመር ይመረጣል።

ምላጩ ሌላም ጥቅም አለው፦ ይቆጠራል። "ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ትጠቀማለህ?" ብሎ ከመጠየቅ ባለፈው ሳምንት ስንት ፓኬት እንደገዛ መጠየቅ ይሻላል። በቀን 16 ሰው ማጅራቱን በምላጭ ቢያስወጣ፣ በስድስት ቀን 96 ሰው ነው፤ በግማሽ በግማሽ 48 ምላጭ፣ አምስት አምስት በያዘ ፓኬት አሥር ገደማ። አራት ፓኬት ገዛሁ ካለህ 20 ምላጭ፣ 40 ግማሽ ነው። እያንዳንዱ ግማሽ በአማካይ ከሁለት ሰው በላይ አገልግሏል ማለት ነው። ማንንም ሳታፋጥጥ፣ ሒሳቡ ይነግርሃል። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ" የሚባለው ለመጠይቅ አዘጋጅም ይሠራል።

በዚሁ መንገድ "ታጸዳለህ?" የሚለው "ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ከተነሳ በኋላ ምን አደረግክ? አሳየኝ" ቢሆን ይሻላል። ልማድ ስትጠይቀው ሰው መሆን የሚፈልገውን ይነግርሃል፤ የመጨረሻውን ጊዜ ስትጠይቀው ወደሆነው ይጠጋል። ሲያሳይህ ደግሞ ብልቃጡ ውስጥ አልኮል መኖሩን፣ ካቻቢቴው የት እንዳለ፣ ጀሪካኑ ባዶ መሆኑን ራስህ ታያለህ። ኮዬ ፈጬ ውሃ በፈረቃ ነው። ጀሪካን ተሸክሞ የሚመጣ ሰው ውሃውን ለምን ጥርስ ማጠቢያ እንደማያደርገው ለማስረዳት ንድፈ ሐሳብ አያስፈልግም።

የማየት ዋጋ

የሚታይ ሰው ልማዱን እንደሚያሳምር ሁላችንም እናውቃለን፤ "የሃውቶርን ተጽዕኖ" ይባላል፣ ስሙንም ያገኘው በአሜሪካ ከነበረው የሃውቶርን ፋብሪካ ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚሰጠው የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት መጣልና ሰውየው እስኪረሳህ መቀመጥ ነው። በዚያ ቅዳሜ ሰባት ሰው እየጠበቀ ልጁ የረሳኝ መስሎኝ ነበር። ሕፃኑ ጣውላው ላይ ሲወጣ ግን አስታወሰኝ። ቶንዶስ የቀየረው እኔ ስለነበርኩ ነው ወይስ ሕፃኑ ስለነበረ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ብቻውን ቢሆን ኖሮ አሮጌዋን ያወጣ እንደነበር በቅጽ የሚለይ ሰው የለም።

እኔ ደግሞ ዝም ማለቴ አለ። ደንቡ ጣልቃ አትግባ ይላል፣ ምክንያቱም የምታየውን ትቀይረዋለህ። ነገር ግን ደም የነካ ቶንዶስ ወደ ሕፃን ጭንቅላት ሲሄድ እያዩ እስክሪብቶ መያዝ ምልከታ ነው ለማለት ይከብዳል። መስመሩ መሰመር ያለበት ሜዳ ከመውጣት በፊት ነው፦ የታየ ደም ካለና መሣሪያው ሳይታጠብ ወደ ቀጣዩ ሰው ከሄደ ምልከታው ይቆማል፣ ይነገራል፣ ያቺ ረድፍ "ጣልቃ ተገብቷል" ተብላ ትመዘገባለች። አንድ ረድፍ ቢጎድል መረጃው አይሞትም። እኛ እንዲህ ያለ መስመር አልነበረንም። ልጁ ባይቆም ኖሮ ምን አደርግ እንደነበር ብዙ ጊዜ አስቤዋለሁ፤ መልሱን አልወደውም።

በሚቀጥለው ዙር 14ኛው ጥያቄ ሳጥን እንዳይኖረው ጠየቅኩ። በምትኩ አራት ባዶ ቦታ፦ ጥርሱ ተፈትቷል ወይ፣ በሳሙና ታጥቧል ወይ፣ በምን ተዘፍዝፏል፣ ለስንት ሰከንድ። ሰከንዱ በሰዓት ይለካል። አምስተኛ ደግሞ "በቤቱ ውስጥ የሚሠሩ የቶንዶስ ጥርሶች ብዛት" የሚል አስገባሁ።

ያን ማታ የድሮውን ቅጽ ስገለብጥ የሕፃኑ ረድፍ ላይ "አዎ" ብዬ ነበር የሞላሁት፤ ሌላ ቶንዶስ ወስዷልና። ከመሳቢያ የወጣችው አሮጌ ቶንዶስ ግን መጨረሻ ማን ላይ እንደዋለች፣ መቼስ እንደታጠበች አልጠየቅኩም።